የቅባት አሲድ ጡንቻ ያሳድጋልን?

ከላፍቶ እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ እስከ ሳሪስ ባለው ሠፈር የሰውነት ማጠንከሪያ ቤቶች ከዓመት ወደ ዓመት እየበዙ መሄዳቸውን በንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚመላለስ ሁሉ ያየዋል። በፎቆች ምድር ቤትና ከሱቆች በላይ ባሉ አዳራሾች ማለዳና ማታ ብረት የሚያነሡት ወጣቶች ቍጥር ቀላል አይደለም፤ ከእኛም ከተማሪዎቹ መካከል ብዙዎች አሉበት። ከነዚህ ቤቶች በአንዳንዶቹ መግቢያ ላይ አንዲት የመስተዋት ቁም ሣጥን ትገኛለች። በውስጧም የፕሮቲን ዱቄት፣ ክሬያቲንና የዓሣ ዘይት እንክብል ተደርድረው ይታያሉ፤ አልፎ አልፎም ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ የመጣ፣ ስሙ ለንባብ የሚያስቸግር፣ «አራኪዶኒክ አሲድ» ወይም «ሲ.ኤል.ኤ.» የሚል የተጻፈበት ብልቃጥ ይገኝባታል። ሻጩ ስለ ጥቅሙ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ «ጡንቻ ያወጣል» ይላል።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይኸው መልስ ነው። ጡንቻ ያወጣል የተባለው በምን ማስረጃ ነው? ማን መረመረው? በስንት ሰው ላይስ ተሞከረ? ነገሩን እንደ ተራ ጉዳይ እንዳናልፈው ያደረገን ደግሞ ለአንድ ብልቃጥ የሚከፈለው ገንዘብ የብዙ ተማሪን የወር የምግብ ወጪ የሚነካ መሆኑ ነው። ለእንክብሉ ሲል ምሳውን የሚቀንስ ወጣት፣ ጡንቻ የሚሠራበትን ነገር ሸጦ ጡንቻ ለመግዛት የሚሞክር ይመስለናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ለይተን ካልተናገርን በቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

አስቀድሞ የቅባት አሲድ ምን እንደሆነ በአጭሩ መግለጥ ያስፈልጋል። ቅቤውም፣ ኑጉም፣ ተልባውም፣ ዓሣውም ቅባታቸው በአብዛኛው የሚሠራው እንደ ሰንሰለት ከተያያዙ የካርቦን ውሕዶች ነው፤ የቅባት አሲድ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ሰውነታችን አብዛኞቹን ራሱ ይሠራቸዋል። ሁለቱን ግን ከቶ ሊሠራቸው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። ጆርጅ በርና ሚስቱ ሚልድሬድ በር በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አይጦችን ከቅባት ነጻ የሆነ ምግብ እየመገቡ፣ አይጦቹ ቆዳቸው ሲላጥና እድገታቸው ሲቆም አይተው በ1929 ያስታወቁት ምርመራ ለዚህ እውቀት መነሻ ሆነ። ከሁለቱ አንደኛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ እርሱም ኦሜጋ 6 ከሚባለው ወገን ሲሆን ከአገራችን የኑግ ዘይት ውስጥ ከመቶ 70 ያህሉ እርሱ ነው። ሁለተኛው አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ነው፤ የኦሜጋ 3 ወገን ሲሆን ከተልባ ዘይት ከመቶ 50 በላይ የሚሆነውን ድርሻ ይይዛል። ሰውነት ከመጀመሪያው አራኪዶኒክ አሲድን፣ ከሁለተኛው ደግሞ በዓሣ ዘይት ውስጥ የሚገኙትን ኢ.ፒ.ኤ.ና ዲ.ኤች.ኤ. የተባሉትን ረጃጅም አሲዶች ይሠራል። እንግዲህ የእናቶቻችን ጓዳ ብልቃጡ ሳይመጣ ጀምሮ የሁለቱንም ወገን ምንጭ ይዞ ኖሯል።

ወደ ጡንቻው እንመለስ። አራኪዶኒክ አሲድ በጡንቻ ሕዋስ ሽፋን ውስጥ ተቀምጦ ይኖራል። ብረት ስናነሣ፣ በተለይም ያነሣነውን ቀስ እያልን ስናወርድ፣ የጡንቻው ክሮች በመጠኑ ይጎዳሉ፤ በዚያን ጊዜ አንድ ኤንዛይም አሲዱን ከሽፋኑ ቆርጦ ያወጣዋል፤ ሳይክሎኦክሲጅኔዝ የሚባል ሌላ ኤንዛይም ደግሞ የወጣውን ተቀብሎ ፕሮስታግላንዲን ወደሚባሉ መልእክተኛ ውሕዶች ይለውጠዋል። ፕሮስታግላንዲኖች ከአራኪዶኒክ አሲድ የሚወለዱ መሆናቸው በ1964 በስዊድንና በሆላንድ ሊቃውንት የታወቀ ሲሆን፣ በዚሁ መስክ የደከሙት በርግስትሮም፣ ሳሙኤልሰንና ቬን በ1982 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በማግስቱ የሚሰማን የጡንቻ ሕመምና እብጠት በከፊል የነዚህ መልእክተኞች ሥራ ነው።

በዚያው በ1982 ሮድማንና ጎልድበርግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከአይጥ የተወሰደ ጡንቻ በቤተ ሙከራ ውስጥ አኑረው አራኪዶኒክ አሲድ ቢጨምሩበት፣ ከሚወለዱት መልእክተኞች አንደኛው፣ ኤፍ2 አልፋ የተባለው፣ የፕሮቲንን ግንባታ ሲያፋጥን፣ ሌላው፣ ኢ2 የተባለው፣ የፕሮቲንን መፍረስ እንደሚያፋጥን አገኙ። አንዱ አሲድ ገንቢውንም አፍራሹንም ይወልዳል ማለት ነው። ሻጩ የሚያወራልን ስለ ገንቢው ልጅ ብቻ ነው። ኋላ ደግሞ በ2017 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በአይጥ ላይ የተደረገ ምርመራ ያ አፍራሽ የተባለው ኢ2 ራሱ የጡንቻን ግንድ ሕዋሳት እየቀሰቀሰ የተጎዳውን ጡንቻ ለመጠገን የሚረዳ መሆኑን አሳየ። ስለዚህ በመጽሐፍ ላይ የተሳለው የኬሚካል መንገድ ብቻውን መልስ አይሆንም፤ እንክብሉ በሰው ላይ መሞከር አለበት።

በሰው ላይ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁለቱን በሰፊው እንመልከት። የመጀመሪያው በ2007 በአሜሪካ በቤይለር ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ነው። ብረት ማንሣት የለመዱ 31 ወንዶች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በቀን 1 ግራም አራኪዶኒክ አሲድ፣ ግማሾቹ ማስመሰያ እንክብል እየወሰዱ ለ50 ቀን ተለማመዱ። ማንም ሰው የትኛውን እንደሚውጥ እንዳያውቅ ተደርጓል። በመጨረሻው በጡንቻ ክብደትም ሆነ በሚያነሡት ብረት በሁለቱ ቡድኖች መካከል የሚታመን ልዩነት አልተገኘም። የተገኘው ልዩነት በብስክሌት ላይ ለጥቂት ሴኮንድ በሙሉ ኃይል ሲረግጡ በሚያወጡት ጕልበት ነው፤ ይህም አሲዱን በወሰዱት ዘንድ ከፍ ብሎ ታየ።

ሁለተኛው በ2016 በፍሎሪዳ በታምፓ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ነው። በዚህኛው ደግሞ 30 የሠለጠኑ ወንዶች ለ8 ሳምንት ሲለማመዱ አሲዱ የተሰጣቸው በቀን 1.5 ግራም ወስደዋል። አሲዱን የወሰዱት ቅባት አልባ ክብደታቸው በአማካይ 1.6 ኪሎ ያህል ሲጨምር፣ ማስመሰያውን የወሰዱት ግን ምንም ያህል አልጨመሩም፤ በላይኛው የሰውነት ክፍል ያለው ጕልበትም ከመቶ 8.7 ከፍ አለ። የብልቃጡ ማስታወቂያ የሚጠቅሰው ይህንን እንጂ የ2007ቱን አይደለም።

አንባቢ ሆይ፣ ከነዚህ ሁለት ሙከራዎች ምን እንደመድማለን? በእኛ አስተያየት ትልቁ ነገር የሰዎቹ ቍጥር ነው። የሁለቱ ሙከራዎች ተሳታፊዎች ቢደመሩ 61 ይሆናሉ፤ ከነዚያም አሲዱን የዋጡት ግማሾቹ ብቻ ናቸው። ቡድኑ ትንሽ ሲሆን የሁለት ወይም የሦስት ሰው እንቅልፍ፣ ምግብና ትጋት የአማካዩን ውጤት ወዲያና ወዲህ ሊጎትተው ይችላል። ከዚህም በቀር በታምፓው ሙከራ ማስመሰያውን የወሰዱት ሰዎች ለ8 ሳምንት በብርቱ ተለማምደው ሳሉ ጡንቻ አለመጨመራቸው ራሱ የሚያስገርም ነው። ልዩነቱን ያሰፋው በአንድ በኩል የአሲዱ ጥቅም፣ በሌላ በኩል የማስመሰያው ቡድን ባለበት መቆም ሊሆን ይችላል። ነገሩ ተስፋ ያለው ነው ብንል አንሳሳትም፤ ተረጋግጧል ማለት ግን አይቻልም።

የሚወሰደው መጠን ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት እንቍላልን ማሰብ ይበጃል። በአንድ እንቍላል አስኳል ውስጥ 80 ሚሊግራም ያህል አራኪዶኒክ አሲድ አለ። 1.5 ግራም ከእንቍላል ብቻ ለማግኘት በቀን 19 ያህል መብላት ያሻል። እንክብሉ የሚሠራው ሞርቲየሬላ አልፒና ከምትባል ሻጋታ ነው፤ ይህችው ሻጋታ ለሕፃናት የሚዘጋጀው የወተት ዱቄት ውስጥ የሚገባውንም አሲድ ታስገኛለች፤ ስለዚህ ነገሩ መርዝ ነው ብለን ለማስፈራራት አንሻም። በጃፓን በ2007 በወጣ ጥናት ጤነኛ ወንዶች በቀን 840 ሚሊግራም ያህል ለ4 ሳምንት ወስደው በደማቸው መርጋትም ሆነ በሌላው ምርመራ የሚያሠጋ ነገር አልታየባቸውም። አስም ያለበት፣ መጋጠሚያው የሚያብጥበት ወይም ጨጓራውን የሚታመም ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ሊነካው አይገባም፤ አሲዱ የእብጠት መልእክተኞች አባት ነውና።

እዚህ ላይ በሰውነት ማጠንከሪያ ቤቶች ከምናያቸው ልማዶች አንዱን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ብዙ ወጣቶች ከልምምድ በኋላ ሕመሙን ለማስታገሥ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት ገዝተው ይውጣሉ። እነዚህ መድኃኒቶች የሚሠሩት ያንኑ ሳይክሎኦክሲጅኔዝን በማገድ ነው። በ2002 በወጣ ጥናት 24 ወንዶች ከከባድ ልምምድ በኋላ በቀን 1200 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ወይም 4000 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ሲወስዱ፣ በማግስቱ ይታይ የነበረው የጡንቻ ፕሮቲን ግንባታ ሳይጨምር ቀረ። በ2018 ደግሞ በስዊድን በካሮሊንስካ ተቋም ወጣቶች ለ8 ሳምንት ሲለማመዱ፣ ጥቂት አስፕሪን ብቻ የወሰዱት የጭናቸው ጡንቻ መጠን ከመቶ 7.5 ሲያድግ፣ በየቀኑ 1200 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን የዋጡት ከመቶ 3.7 ብቻ አደጉ። ግማሽ ማለት ነው! እንግዲህ በአንድ እጁ ውድ የሆነውን አራኪዶኒክ አሲድ፣ በሌላ እጁ የሕመም ማስታገሻ የሚውጥ ሰው በአንዱ በር ያስገባውን በሌላው በር ያስወጣል። የሚያስገርመው ግን ይህ ሕግ በሽማግሌዎች ላይ አለመያዙ ነው፤ በ2011 ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 78 በሆነ ሰዎች ላይ የተደረገ የ12 ሳምንት ሙከራ መድኃኒቱን የወሰዱት ይልቁን የበለጠ ጡንቻ እንዳወጡ አሳይቷል። በእርጅና ዘመን እብጠቱ ራሱ ጡንቻን ስለሚበላ ይሆናል ተብሎ ይገመታል።

የዓሣ ዘይትም ታሪክ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ለሽማግሌ የሠራው ለጕልማሳ አልሠራም። በሴንት ሉዊስ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በ2015 በወጣው ጥናት ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 85 የሆነ ሰዎች ለ6 ወር በየቀኑ 3.4 ግራም ያህል ኢ.ፒ.ኤ.ና ዲ.ኤች.ኤ. ሲወስዱ፣ የበቆሎ ዘይት ከወሰዱት ይልቅ የጭናቸው ጡንቻ መጠን በመቶ 3.6፣ የእጃቸው መጨበጫ ኃይል በ2.3 ኪሎ በልጦ ተገኘ፤ ይህም ያለ አንዳች የብረት ልምምድ ነው። በ2016 ግን የሠለጠኑ ጕልማሶች በቀን 5 ግራም የዓሣ ዘይት ለ8 ሳምንት ወስደው በቂ ፕሮቲን ሲመገቡ የጡንቻ ግንባታቸው ከሌሎቹ አልበለጠም። በወጣቶች ላይ ጥሩ ውጤት የታየው በሌላ ሁኔታ ነው። በ2019 በወጣ ጥናት 20 ወጣት ሴቶች አንድ እግራቸው ለ2 ሳምንት እንዳይንቀሳቀስ ታስሮ ሲቆይ፣ የዓሣ ዘይት ያልወሰዱት ከጡንቻቸው መጠን ከመቶ 14 ሲያጡ፣ የወሰዱት ከመቶ 8 ብቻ አጡ። ስለዚህ እግሩ ተሰብሮ በጄሶ ለታሰረ የኳስ ተጫዋች የዓሣ ዘይቱ ነገር ሊታሰብበት ይችላል፤ ጤነኛ ሆኖ በየቀኑ ብረት ለሚያነሣው ግን ማስረጃው ቀጭን ነው።

ሲ.ኤል.ኤ.ን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ይህ ላምና በግ በሆዳቸው ውስጥ ባሉት ተሐዋስያን አማካይነት የሚሠሩት የቅባት አሲድ ስለሆነ በቅቤያችን ውስጥ ይገኛል። ዝናው የተነሣው በ1997 በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ ቅባታቸው ከግማሽ በላይ ስለቀነሰ ነው። ሰው ግን አይጥ አይደለም። በ2002 በወጣ ጥናት 23 የሠለጠኑ ሰዎች በቀን 6 ግራም ለ28 ቀን ቢወስዱ በጡንቻም፣ በቅባትም፣ በጕልበትም ለውጥ አላገኙም። በ2007 የ18 ጥናቶች ውጤት ተጠቃልሎ ሲታይ በቀን 3.2 ግራም የወሰዱ ሰዎች በሳምንት 90 ግራም ያህል ቅባት ብቻ ቀነሱ። ከዚህም በላይ በብልቃጡ ውስጥ ካሉት ሁለት ዓይነቶች አንደኛው፣ በቅቤ ውስጥ እምብዛም የማይገኘው፣ በ2002 በስዊድን ሆዳቸው በወፈረ ወንዶች ላይ ለብቻው ተሞክሮ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የሚያሳየውን እምቢታ ከመቶ 19 ከፍ አድርጎታል። የስኳር በሽታ በቤተሰቡ ያለበት ሰው ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

የአገራችን ምግብስ? አንዳንድ ጓደኞቻችን ኑግ አብዝቶ መብላት አራኪዶኒክ አሲድን ያበዛል ብለው ይከራከራሉ። ይህ አይሆንም፤ በ2011 የወጣ የ36 ጽሑፎች ግምገማ በምግብ ውስጥ ያለው ሊኖሌይክ አሲድ እስከ ስድስት እጥፍ ቢጨመር ወይም ከመቶ 90 ቢቀነስ በሰውነት ውስጥ ያለው የአራኪዶኒክ አሲድ መጠን የሚታወቅ ለውጥ እንደማያሳይ አረጋግጧል። ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ሠርቶ ያቆማል። ተልባም እንዲሁ ነው። በወጣት ወንዶች ላይ በተደረገ ምርመራ ከተልባው አሲድ ወደ ኢ.ፒ.ኤ. የተለወጠው ከመቶ 8 ያህል ሲሆን፣ ወደ ዲ.ኤች.ኤ. የተለወጠው ከቍጥር የሚገባ አልሆነም፤ በሴቶች ላይ ከዚህ ከፍ ይላል። በ2009 ካናዳውያን ለ51 አረጋውያን በቀን 14 ግራም ያህል የተልባ አሲድ እየሰጡ ለ12 ሳምንት ቢያለማምዷቸው ከልምምዱ በላይ ለጡንቻና ለጕልበት የጨመረላቸው ነገር እጅግ ጥቂት ነበር። ተልባን የምንጠጣው ለሆድ ስለሚስማማ ነውና በዚህ ክብሩ አይቀንስም። የዝዋይና የሐዋሳ ሐይቆች ዓሦችም ረጃጅሞቹን የኦሜጋ 3 አሲዶች የያዙ መሆናቸው ከተመረመረ ቆይቷል፤ ሆኖም ቆሮሶ ቅባቱ ጥቂት ስለሆነ በሙከራዎቹ የተሰጠውን ያህል ከእርሱ ብቻ ማግኘት ይከብዳል። ቆሮሶ ለጡንቻ የሚጠቅመው ይልቁን በፕሮቲኑ ነው።

ይህም ወደ ዋናው ነገር ያመጣናል። በ2018 የ49 ሙከራዎችና የ1863 ሰዎች ውጤት ተጠቃልሎ ሲታይ፣ የጡንቻ እድገት የሚጠቀመው በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ እስከ 1.6 ግራም በሚደርስ ፕሮቲን ነው፤ ከዚያ በላይ ቢጨመር ጥቅም አልተገኘበትም። ከቅባት አሲዶቹ 61 ሰዎች ጋር ይነጻጸር! የፕሮቲን ጭማሪው እንኳ ከልምምዱ በላይ ያስገኘው በአማካይ 300 ግራም ቅባት አልባ ክብደት ብቻ መሆኑ ደግሞ የብልቃጡን ማስታወቂያ በጥርጣሬ እንድናይ ያደርገናል።

60 ኪሎ ለሚመዝን ተማሪ የተባለው መጠን 96 ግራም ፕሮቲን ይሆናል። በፍስክ ቀን ይህ አያስቸግርም። ከዓመቱ እኩሌታ ያህል ለሚጾም ክርስቲያን ግን ሒሳቡ ይጠብቃል። እስቲ እናስላው፤ 300 ግራም የጤፍ ዱቄት 33 ግራም፣ 150 ግራም ሽሮ 30 ግራም፣ 100 ግራም ምስር 24 ግራም ያህል ይሰጣሉ፤ ድምሩ 87 ነው። የተቈላ አኩሪ አተር ወይም ሽምብራ በእፍኝ ቢጨመርበት ከተፈለገው ይደረሳል። ይህ ሁሉ የሚገኘው ከሠፈሩ እህል በረንዳ ነው፤ ዋጋውን ከብልቃጡ ጋር ማስተያየት ለአንባቢ እንተዋለን። የጾም ነገር ግን ለምርምርም በር ይከፍታል። አራኪዶኒክ አሲድ በምግብ ውስጥ የሚገኘው ከእንስሳት በሚመጣው ብቻ ነው፤ ከላይ የጠቀስናቸው ሁለቱ ሙከራዎችም የተደረጉት እንደኛ ረጅም ጾም በማይጾምበት አገር ነው። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ የሚለማመዱ ወጣቶች የሕዋሳቸው ሽፋን ምን እንደሚመስል መመርመር ለሥነ ሕይወትና ለስፖርት ሳይንስ ክፍሎቻችን የሚገባ ሥራ ነው፤ መምህራኖቻችን ቢያስቡበት ደስ ይለናል።

በመጨረሻ ስለ ብልቃጡ ውስጥ። በአሜሪካ ከ1994 ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ እንዲህ ያለው ተጨማሪ ምግብ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ጥቅሙን ለመንግሥት ማስረዳት አይገደድም። በአገራችን በ2011 ዓመተ ምሕረት የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥጥሩን ለኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ቢሰጥም፣ በሻንጣ የሚገባው ዕቃ በዚህ ዓይን ሥር አያልፍም። በ2004 የታተመ የጀርመን ሊቃውንት ምርመራ ከ13 አገሮች ከተሰበሰቡ 634 ተጨማሪ ምግቦች መካከል በ94ቱ ውስጥ በወረቀታቸው ላይ ያልተጻፉ፣ ከወንድ ሆርሞን ወገን የሆኑ የተከለከሉ ውሕዶች አግኝቷል። ዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ድርጅት አራኪዶኒክ አሲድንም ሆነ የዓሣ ዘይትን አልከለከለም፤ ነገር ግን በስፖርተኛው ሽንት ውስጥ የተከለከለ ነገር ቢገኝ «ከእንክብሉ ጋር ተቀላቅሎ ነው» የሚለው ቃል ጥፋቱን አያስቀርለትም። በየማለዳው በጀሞ አውራ ጎዳና ዳር ከሚሮጡት መካከል ነገ ለውድድር የሚቀርቡ አሉና፣ ይህን ከሻጩ አስቀድሞ የክለባቸው ሐኪም ሊነግራቸው ይገባል።